መሬት ላይ ሆኖ «አየር ላይ» ስለተባለው ወንድማችን

ይድረስ በጆሃንስበርግ የ«አንድ ጥላ» መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የአስከሬን ሽኝት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንዲሁም የማኅበሩ የኢንተርኔት ሬዲዮ የእሁድ ፕሮግራም አዘጋጅ ለሆኑት ለክቡር አቶ ዮፍታሄ ኤርሲዶ፤
ትሮይቪል።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ የሰኔ ብርድ ጉሮሮዎን እንዳይነካው ከልቤ እመኛለሁ፤ ሕዝባችን ያለ ድምፅዎ እሁድን እንዴት እንደሚውል አላውቅምና። እንቅልፍዎም ሆነ የምግብ ፍላጎትዎ እንደ ወትሮው መሆኑን ከሚያውቅዎ ሰው ሰምቻለሁ። ደስ አለኝ ለማለት ባልደፍርም እጅግ ተገርሜያለሁ፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሁለቱንም አጣቸው ነበር።

ስሜ ዱካሞ ሀቢሶ ይባላል። ዛሬ በዛንድስፕሩት ቆርቆሮ ቤቶች መካከል ዳቦ፣ ሻማና ላምባ የምሸጥ ባለ ስፓዛ፣ ማለትም ባለ ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነኝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ግን ሆሳዕና ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። ለእኔም እንደ እርስዎ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው፤ እናቴ ያሳደገችኝ በሀዲይኛ ነው። ምናልባትም በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ ቃላቱን ሁልጊዜ ከጎረቤት እንደተዋስኩት ዕቃ በጥንቃቄ ነው የምይዛቸው። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። ባለፈው እሁድ በጠቅላላ ስብሰባው ፊት ቆመው «አየር ላይ ነው ማለት በሂደት ላይ ነው ማለት ነው፤ አማርኛ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ቃሉን አጣመው የተረዱ ወገኖች አሉ» በማለት ስላስተማሩን፣ አንድ የቀድሞ መምህር ከአንድ አዲስ መምህር ጋር መወያየቱ ነውር አይሆንም ብዬ ነው።

በስብሰባው ላይ ያልነበሩ ወገኖች ነገሩን እንዲረዱት፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር እየለየሁ ከመጀመሪያው እተርካለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ማናሴ ሎምቤቦ የሞተው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ሱቁ ከእኔ ሱቅ በሦስተኛው በር ነበር። የዱቄት ጆንያ ከመኪና ሲያወርድ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ፣ ከዚያም ጋደም አለ፤ አምቡላንስ እስኪደርስ እጁ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አገሩን አላየም፤ በመጪው መስከረም ለመሄድ ለእናቱ ጋቢ፣ ለእህቱ ለፊቤ ጫማ ገዝቶ በአልጋው ሥር አስቀምጦ ነበር። እርስዎ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ጸለዩ፣ አጽናኑን፣ ፓስፖርቱንና የሆስፒታሉን ወረቀት ከእጄ ተቀበሉና «ከእንግዲህ እናንተ አልቅሱ፤ ወረቀቱን ለእኛ ተዉት» አሉ። እኔም ተውኩት። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከእርስዎ የተሻለ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ማስታወቂያው። ዓርብ ስደውልልዎ «ሁሉም ነገር በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማኅበሩ የስልክ ቡድን ላይ ይህን ጻፉ፦ «የተወዳጁ ወንድማችን የማናሴ አስከሬን አሁን አየር ላይ ነው። ቤተሰብ እሁድ ጠዋት ቦሌ ጭነት ክፍል ይረከብ። እግዚአብሔር ያጽናን።» ከሥሩ የርግብና የአውሮፕላን ሥዕል አስቀምጠው ነበር። ሁለት መቶ ያህል ሰው «አሜን» አለ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ወደ ሆሳዕና የደወልኩት እኔ ነኝ። ፊቤን «እህቴ፣ ወንድምሽ አየር ላይ ነው፤ ተነሡ» ያልኳት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ከማናሴ ሱቅ ዳቦ ትገዛ የነበረችውና ሁላችንም ጎጎ እያልን የምንጠራት አሮጊት፣ በተዘጋው በር ላይ አበባ አስራ «ልጁ አገሩ ገባ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሬ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አሮጊቷ መሐረቧን አውልቃ ወደ ላይ አውለበለበችለት። ውሸቱ የእርስዎ ቢሆንም ወደ ሰው ጆሮ የደረሰው በእኔ አፍ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ምራቄን ያመርረዋል።

ሦስተኛ፤ ስለ ቦሌ። እናቱን ወይዘሮ ኤርጎጌን በአካል እንደማያውቋቸው እገምታለሁ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አማርኛቸውም ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ፊቤ የነገርኳትን ስትተረጉምላቸው ግን ቃሉ አላሻማቸውም። ሀዲይኛም ሰማይ አለው፤ ሀዲይኛም የሚበር ነገር ያውቃል። ዘመድና ጎረቤት በሁለት ቅጥቅጥ ተጭኖ ሌሊቱን ተጉዞ እሁድ ጠዋት አዲስ አበባ ገባ። ሰፈር የቀረው ድንኳን ተከለ፣ ጉድጓድ ቆፈረ።

ፊቤ መጀመሪያ የደወለችልኝ ረፋድ ላይ ነበር።

«ጋሼ ዱካሞ፣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም ይሉናል። በሌላ ስም ይሆን እንዴ የተላከው?»

«ቆዪ እስቲ፣ ሊቀመንበሩን ልጠይቅ» አልኳት።

ሁለት ጊዜ ደውዬ አላነሱም። በሦስተኛው አነሱና «አየር ላይ ነው አልኩህ እኮ ወንድሜ!» አሉኝ። «በየትኛው አውሮፕላን?» ብዬ ብጠይቅ «አንተ ደግሞ ቃል አትሰንጥቅ፤ አሁን ቀጥታ ሥርጭት ልገባ ነው» ብለው ዘጉብኝ። እውነትዎን ነበር። ሬዲዮውን ስከፍት ድምፅዎ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር፤ ስለ ማኅበራችን የሽኝት አገልግሎት ቅልጥፍና እየተናገሩ ነበር። በዚያ ሰዓት ከእርስዎና ከማናሴ አየር ላይ የነበረው ማን እንደነበር ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም።

ፊቤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አምስት ጊዜ ደወለች። በአምስተኛው አላለቀሰችም፤ እንዲህ ብቻ አለች፦ «እማዬ ከጭነት ክፍሉ በር አልነሣም ብላለች። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ትነሣለች፤ ሰው ሳይወጣ ሲቀር ትቀመጣለች። ዝናብ መጥቷል። ምን ልበላት?»

ምን ትበላት፣ ክቡር ሊቀመንበር? እኔ «ጋቢሽን ደርቢላት» ብቻ አልኳት። እርስዎ ግን ሁልጊዜ መልስ ስለማያጡ ነው የምጠይቅዎ።

አራተኛ፤ ስለ ሰኞ። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ሽኩር ዘንድ ሄድኩ። ሽኩር ለሁላችንም ሸቀጥ የሚያከፋፍል የስልጤ ልጅ ነው፤ የማኅበራችን አባል አይደለም፤ ማናሴን ግን ያውቀዋል፣ ይወደዋልም። ነገሩን ስነግረው የመኪናውን ቁልፍ አንሥቶ «መምህር፣ መጀመሪያ ከሬሳው እንጀምር» አለኝ። አየር ላይ የተባለ ሰው በመሬት ላይ መፈለግ ያለበት መሆኑ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወደ አእምሮዬ አልመጣም ነበር፤ ቃልዎን ያመንኩት እስከዚያ ድረስ ነው።

የሬሳ ማቆያው ጠባቂ ሽበታም፣ ትሑት ሰው ነው። መዝገቡን ገልብጦ ስሙን አገኘና ቀና ብሎ አየን። «ወንድማችሁ እዚህ ነው» አለን። «ከማክሰኞ ጀምሮ እዚህ ነው። የእናንተ ሰዎች ይመጣሉ ተብዬ ነበር፤ ማንም አልመጣም፣ ባባ።»

«ማንም?» አለ ሽኩር።

«አንድም ሰው። ስልክም አልተደወለም።»

መሳቢያውን ስቦ አሳየን። ማናሴ ነው። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ ውርጭ ይዛለች። ያን ጊዜ የያዘኝ ነገር ሐዘን አልነበረም፤ ሐዘንን አውቀዋለሁ። የበሰበሰ ነገር ሳያውቁ ነክሶ እንደ መትፋት ያለ ነው። ወጥቼ ከግድግዳው ሥር አስመለሰኝ። ሽኩር ውኃ እያፈሰሰልኝ «እኛ ሰዋችንን በዕለቱ እንቀብራለን» አለኝ፤ «እናንተ ደግሞ ሩቅ ትልካላችሁ፤ ይሁን፣ ወጋችሁ ነው። ግን በሞተ ሰው ላይ እንዴት ይዋሻል?»

ከዚያ ትሮይቪል ወዳለው ቢሮዎ ሄድን። እርስዎ አልነበሩም፤ ለማኅበሩ ምርጫ ቅስቀሳ ኦሬንጅ ፋርም ወደሚባለው ሰፈር ወርደዋል ተባልን። የቢሮዎ ጸሐፊ ስማችንን ሰምታ ጥቂት አመነታችና የጠረጴዛዎን መሳቢያ ከፈተችልን። የማናሴ ፓስፖርት እኔ በሰጠሁዎ ፌስታል ውስጥ እንደታሰረ ነበር። ማሰሪያው አልተፈታም። እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ ነው፤ አውቀዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ረስቼው ነበር ቢሉ ይቅር እልዎ ነበር። ሰው ይረሳል፤ ሥራ ይበዛበታል፤ መኪና ይበላሽበታል። ማክሰኞ ረስተው፣ ዓርብ አፍረው፣ ቅዳሜ ፈርተው ቢሆን ኖሮ፣ ፍርሃትን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ግን ለማፈር እንኳ ጊዜ አልወሰዱም፤ በውሸቱ ላይ ርግብ ሣሉበት።

አምስተኛ፤ ቃሉ። በስብሰባው ላይ እጄን ባወጣም ዕድል ስላልሰጡኝ እዚህ እናገራለሁ። እውነት ነው፣ አማርኛ «አየር»ን በብዙ መንገድ ይጠቀምበታል። ዜና አየር ላይ ይውላል፤ እሱን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ዕቃውን ሳያይ ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው የሚሸጥ ደላላ አየር በአየር ነጋዴ ይባላል። ከሰማይ የሚዘል ወታደር አየር ወለድ ነው። ያልተቋጨ ጉዳይም አየር ላይ ቀረ፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ ይባላል። ለተማሪዎቼ ይህን ሁሉ አስተምሬያለሁ። ግን ስለ አስከሬን ሲነገር፣ አውሮፕላን ሥሎ፣ የመድረሻ ሰዓት ጽፎ፣ ተረከቡ ተብሎ ሲነገር፣ አየር ላይ ነው ማለት መሬት ለቋል ማለት ነው። ሌላ ፍቺ የለውም። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ በፈተና ላይ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር፤ ምናልባትም ወላጅ እንዲያመጣ አደርግ ነበር።

የሚያንገሸግሸኝ ግን ስሕተቱ አይደለም። ጥፋቱን በቋንቋ ችግር ማሳበብዎ ነው። ቤታችን የምንናገረው ሌላ ሆኖ፣ ተሰብስበን እንድንግባባ ብለን የያዝነውን አማርኛ፣ እርስዎ መልሰው በፊታችን ላይ ወረወሩት። አማርኛ አያውቁም የተባሉት ወይዘሮ ኤርጎጌ ናቸው። እኒያ እናት ቃሉን በትክክል ስለተረዱት እኮ ነው በዝናብ የተቀመጡት። ባይገባቸው ኖሮ ቤታቸው ሞቋቸው ይቀመጡ ነበር።

ስድስተኛ፤ ለሽኝቱ ከአባላት ስለተሰበሰበው መዋጮ ምንም አልጽፍም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከማናሴ ጎን እንዲቆጠር አልፈልግም።

ሰባተኛና የመጨረሻው፤ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ስላልጠየቁኝ ሳልጠየቅ እነግርዎታለሁ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እኔና ሽኩር ከአንዱ ወረፋ ወደ ሌላው ዞርን፤ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የአስከሬን ማድረቂያ ማረጋገጫ፣ የመላኪያ ፈቃድ፣ የኤምባሲ ደብዳቤ። በየመስኮቱ የተቀመጡት ሰዎች ጉዳዩን ሲሰሙ ደግ ሆኑልን። እርስዎ ለአምስት ቀን «ሂደት» ያሉት ነገር ለሁለት ሰዎች ሁለት ቀን ተኩል ፈጀባቸው፤ አንደኛው እንኳ የማኅበሩ አባል አይደለም። በእነዚያ ቀናት ወይዘሮ ኤርጎጌ መካኒሳ ዘመድ ቤት አርፈው፣ በየጠዋቱ ቦሌ ካልወሰዳችሁኝ እያሉ ያስቸግሩ ነበር። ሆሳዕና ላይ ጉድጓዱ ውኃ ስለሞላ፣ የሰፈሩ ሰዎች በሌላ ቦታ ሁለተኛ ቆፈሩ።

ሐሙስ ሣጥኑ ወደ አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ሲገባ በዓይኔ አየሁ። ከአጥሩ ውጪ ቆመን አውሮፕላኑ እስኪነሣ ጠበቅን፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሽኩር ጎኔን ነክቶ «በል ደውል» አለኝ። ደወልኩ፤ «አየር ላይ» የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለ። በእርስዎ አፍ ከዋለ በኋላ ልነካው ተጸየፍኩ። ለፊቤ «አውሮፕላኑ ተነሣ፤ እኔ ራሴ አየሁት» አልኳት። እናትየው ስልኩን ተቀብለው በሀዲይኛ «አየኸው? በዓይንህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በዓይኔ አየሁት፣ እናቴ።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላቸው። በአሥራ አንድ ዓመት የመምህርነት ዕድሜዬ ቃሌን በመሐላ እንዳጸና የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህንንም በእርስዎ አማካኝነት አየሁት፤ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ተቀበረ። እኔ እዚህ ስለሆንኩ ፊቤ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። መዘምራኑ ጨርሰው፣ ወንጌላዊው አሳርገው፣ ሣጥኑ ወደ ጉድጓዱ ሊወርድ ሲል ወይዘሮ ኤርጎጌ ተነሥተው ከፊቱ ቆሙ። «ክፈቱልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ተዪ፣ አሥራ አንድ ቀን የቆየ ሰው ነው፤ መልኩን እንደምታውቂው ያዥው» ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ግን «አንድ ጊዜ ሳይኖር አለ ብላችሁኛል። ሳላይ አልቀብርም» አሉ። ሚስማሩ ተነቀለ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት፤ በአውራ ጣታቸው ቅንድቡን ዳበሱት፤ ከዚያ ለፊቤ «እሱ ነው» ብለው ዘወር አሉ። ፊቤ እንደነገረችኝ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ስለ እሱ አንድ ቃል አልተናገሩም። እናት የልጇን ፊት እንዲያ ሆኖ ማየት አልነበረባትም። ያን ያሳዩዋት እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው። ለምርጫው የለጠፉትን ፎቶዎን ያንሡ። ሁለተኛም፣ ስልክ አንሥተው ወደ ወይዘሮ ኤርጎጌ ይደውሉና፣ እሳቸው በሚገባቸውና እርስዎም ከእናትዎ ጡት ጋር በጠቡት በሀዲይኛ «ዋሽቼዎታለሁ» ይበሏቸው። በሀዲይኛ ለዚህ ቃል ሌላ ፍቺ ማግኘት ይከብድዎታል። የእኔን ስም ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበሩ መዝገብ ይሰርዙልኝ፤ ብሞት ሽኩርና ጎጎ እዚሁ ዛንድስፕሩት አጠገብ ይቀብሩኛል። አፈሩ ቀይ ነው፤ የእኛን ይመስላል።

ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ ለከፍተኛ ኃላፊነትዎ፣ ለጥልቅ የቋንቋ ዕውቀትዎና በሰው ሐዘን መካከል ለማይደፈርሰው እርጋታዎ ያለኝን ስሜት ሁሉ በአንድነት ጠቅልዬ በእግርዎ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ሲራመዱ እንዳይረግጡት ይጠንቀቁ፣ ይሸታል።

ዱካሞ ሀቢሶ
ባለ ስፓዛ፣ የቀድሞ የአማርኛ መምህር
ዛንድስፕሩት፣ ጆሃንስበርግ

ማስታወሻ፦ ትናንት የአባልነት መታወቂያዬን ልመልስ ቢሮዎ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዎ መታወቂያውን ልታስቀምጥ ያንኑ መሳቢያ ስትከፍት፣ የማናሴ ፓስፖርት ከነበረበት ሥር ሌላ ያልተፈታ ፌስታል አየን። የኦሬንጅ ፋርሟ ዲቦራ ናት፤ ከሞተች ሃያ ስድስት ቀኗ ነው። ወንድሟ ዱራሜ ላይ ስልኩን ሲያነሣ፣ ገና ማንነቴን ሳልነግረው፣ «ደረሰች?» አለኝ። «አየር ላይ ናት» ብለው ሦስት ጊዜ ነግረውታል አሉ። ፌስታሉን እኔና ሽኩር ወስደነዋል፤ ስለማያገኙት አይፈልጉት።